በጣም ጎበዝና ኮከብ፦ ልዩነቱ የት ላይ ነው?

ባለፈው ሰሞን በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነስቶ ነበር። ነገሩ በእግር ኳስ ተጀምሮ በሌላ አለቀ። ከመካከላችን አንዱ ስልኩን አወጣና የቆየ የበረዶ ሆኪ ጨዋታ እያሳየን «እስቲ ከነዚህ ሁሉ ኮከቡ የትኛው ነው?» ሲል ጠየቀን። ሁላችንም ፓክ የሚሏትን ጥቁር ጎማ ይዞ እንደ ነፋስ በሚበረው ልጅ ላይ ጣታችንን ቀሰርን። ተሳስተን ኖሯል። ኮከቡ ከግርግሩ ራቅ ብሎ፣ ሥራ የፈታ መስሎ ወዲያ ወዲህ የሚለው፣ ቀጠን ያለው ባለ 99 ቁጥር ተጫዋች ነው ተባልን። «ምን ሲያደርግ አየኸውና ነው ኮከብ ያልከው?» አልነው። «ቆይ፣ ጠብቁ» አለን። ጠበቅን። ፓኳ ከሦስት ሰው እግር ሥር ሾልካ በቀጥታ ወደሱ መጣች፤ እሱም ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ለጓደኛው አቀበለ፤ ጎል ሆነ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጥያቄው ስለከነከነን ስለ ጨዋታው ያገኘነውን ሁሉ ስናገላብጥ ሰንብተናል። እኛ ነገ ከነገ ወዲያ ክፍል ገብተን «ይህ ጎበዝ ነው፣ ያ ደካማ ነው» እያልን የምንፈርድ ሰዎች ስለሆንን፣ ጉዳዩ ለስፖርት ወዳዶች ብቻ የሚተው ሆኖ አላገኘነውም። ያገኘነውን እነሆ እንላለን። ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳውቃለን።

ጫፉ በቆለመመ ዱላ እየመቱ መራወጥ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በገና ሰሞን ሩር ያልተከተለ፣ ቅልጥሙን ያልተመታ ማን አለ? የበረዶው ሆኪ ግን ዙሪያውን በታጠረ፣ 61 ሜትር ርዝመትና 26 ሜትር ወርድ ባለው የበረዶ ወለል ላይ የሚካሄድ ነው። ከያንዳንዱ ቡድን በረኛውን ጨምሮ ስድስት ስድስት ተጫዋቾች፣ ከሥሩ ስለት ያለው ጫማ አጥልቀው እየተንሸራተቱ ይጋጠማሉ። በሩር ፋንታ የሚመቱት ፓክ ከጎማ የተሠራ ጠፍጣፋ ክብ ነገር ሲሆን፣ ክብደቱ 170 ግራም ያህል ነው። ጨዋታው ሃያ ሃያ ደቂቃ ሆኖ ሦስት ጊዜ ይካሄዳል። ድካሙ ብርቱ ስለሆነ አንድ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ይወጣና ሌላው ይተካዋል። የሂሳቡም አያያዝ እንዲህ ነው፦ ጎል ያገባ አንድ ነጥብ ያገኛል፤ ለዚያ ጎል ያቀበለም፣ እስከ ሁለት ሰው ድረስ፣ አንድ አንድ ነጥብ ይታሰብለታል። ይህን ሂሳብ አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

በኛ አገር ኮከብ ስንል ብዙ ጊዜ «ኮከብ ጎል አግቢ» ማለታችን ነው። ብዙ ያገባ ዋንጫውን ይወስዳል፣ ክርክሩም እዚያው ያበቃል። በዚህ ሚዛን ከሄድን ማይክ ጋርትነር የተባለው ካናዳዊ ኮከብ ለመባል ምንም አይጎድለውም። ጋርትነር ኤን ኤች ኤል በሚባለው በሰሜን አሜሪካ ታላቁ የሆኪ ሊግ ከ1979 እስከ 1998 ተጫውቶ 708 ጎል አግብቷል። 15 ዓመት በተከታታይ በያመቱ 30 ጎልና ከዚያ በላይ አስቆጥሯል። ፍጥነቱማ ምኑ ቅጡ! በ1996 በተካሄደ የፍጥነት ውድድር ሜዳውን አንድ ጊዜ ለመዞር የፈጀበት 13.386 ሰከንድ ነበር፤ ይህንንም ሰዓት ለ20 ዓመት ያህል የሰበረው አልነበረም። እንደዚህም ሆኖ የጨዋታው አዋቂዎች ታላላቆቹን ሲቆጥሩ ስሙን ቶሎ አያነሱትም። ስታንሊ የሚባለውን ታላቁን ዋንጫ አንድም ጊዜ አላነሳም። እንዲያውም በመጋቢት 1994 የኒውዮርክ ቡድኑ ለሌላ ቡድን አሳልፎ ሰጠውና፣ ሦስት ወር ሳይሞላ ያው የኒውዮርክ ቡድን ዋንጫውን ወሰደ። እኛ በበኩላችን ይህን ስናነብ አዝነንለታል። ጋርትነር በ2001 በዝነኞቹ መዘክር ስሙ ሰፍሯልና ተረስቷል ማለት አይደለም። ግን በጣም ጎበዝ የሚባለው እሱ ነው። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው?

ወደ ባለ 99 ቁጥሩ እንመለስ። ስሙ ዌይን ግሬትስኪ ይባላል፤ በ1961 በካናዳ፣ ኦንታርዮ ክፍለ ሀገር ብራንትፎርድ በምትባል ከተማ ተወለደ። በኤን ኤች ኤል 1,487 መደበኛ ጨዋታዎች አድርጎ 894 ጎል አገባ፣ 1,963 ጊዜ ለጎል አቀበለ። በድምሩ 2,857 ነጥብ መሆኑ ነው። የጎሉን ክብረ ወሰን አሌክሳንደር ኦቬችኪን የተባለው ሩሲያዊ በሚያዝያ 2025 አልፎታል። የሚገርመው ግን እሱ አይደለም። ከግሬትስኪ ቀጥሎ በጠቅላላ ነጥብ ሁለተኛ የሆነው ቼካዊው ያሮሚር ያግር ሲሆን፣ ጎሉም ማቀበሉም ተደምሮ 1,921 ነጥብ አለው። እንግዲህ የሂሳብ ተማሪዎች አስሉት፤ ግሬትስኪ በሕይወቱ አንድም ጎል ባያገባ ኖሮ፣ በማቀበል ብቻ አሁንም አንደኛ ነበር!

ይህ ሰው ጉልበተኛ ቢሆን ኖሮ ባላስደነቀን። ግን በሊጉ ካሉት ሁሉ ፈጣኑ አልነበረም፣ ጠንካራውም አልነበረም፣ ምቱም እንደ ሌሎቹ ግድግዳ የሚያፈርስ አልነበረም። ልዩ የሚያደርገው የሚቆምበት ቦታ ነው። በበረዶ ሆኪ ጎሉ የሚተከለው ከሜዳው ጠርዝ ገባ ብሎ ስለሆነ ከጎሉ ጀርባ መጫወቻ ቦታ አለ። ግሬትስኪ ፓክ ይዞ እዚያ ጀርባ ይቆማል። አሁን የተከላካዩን ችግር እናስብ። ትቶት ቢቆም ሰውየው እንደልቡ አይቶ ያቀብላል፤ ሊቀማው ቢሄድ ከጎሉ ፊት ያለው አጥቂ ብቻውን ይቀራል። በረኛውም አንገቱን ወደኋላ ጠምዝዞ አቀባዩን ካየ፣ መቺውን አያይም። አንዲት ፓክ ሦስት ሰው አሰረች ማለት ነው። ሌላም ዘዴ ነበረው። በሩጫ ወደ ተጋጣሚ ሜዳ ይገባና ሁሉም ወደ ጎል ይሮጣል ሲሉት ድንገት ወደ ዳር ታጥፎ ይቆማል፤ ተከላካዮቹ በሩጫቸው ኃይል አልፈውት ይሄዳሉ፤ እሱ ግን ከኋላ ዘግይቶ የሚመጣውን ጓደኛውን ይጠብቃል። ያ ዘግይቶ የሚመጣው ማንም ልብ ያላለው ሰው ነው።

ከዚህ ላይ ነው የኛ ሐሳብ የተወለደው። በጣም ጎበዝ የሆነ ተጫዋች ጨዋታው የሚጠይቀውን ሁሉ አሳምሮ ይሠራል። ኮከቡ ግን ሜዳ ላይ ያሉት ሌሎቹ አሥራ አንዱ ሰዎች፣ ወገንም ባላጋራም፣ እሱ ባይኖር ኖሮ የማያደርጉትን እንዲያደርጉ ያስገድዳቸዋል። ጋርትነር ሲሮጥ የሚለወጠው ጋርትነር ያለበት ቦታ ብቻ ነበር።

ማስረጃ አምጡ ለሚለን፣ በርኒ ኒኮልስን እንጠራለን። ኒኮልስ የሎስ አንጀለስ ቡድን ተጫዋች ነበር። በ1987/88 የውድድር ዘመን 32 ጎል አገባ። በነሐሴ 1988 ግሬትስኪ ወደዚያ ቡድን ተዛወረ። በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ያው ኒኮልስ፣ በዚያው ዱላ፣ 70 ጎል አስቆጠረ! ከዚያ በፊት 50 ጎል ደርሶ አያውቅም፤ በ1990 መጀመሪያ ላይ ከግሬትስኪ ተለይቶ ወደ ኒውዮርክ ከሄደ በኋላም ወደዚያ ቁጥር የሚጠጋ ነገር አልታየበትም። ኒኮልስ ሰነፍ አልነበረም፤ ጎበዝ ነበር። ጎበዝን ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ እጥፍ የሚያደርግ ሌላ ሰው መኖሩ ነው ቁም ነገሩ።

ሐሳባችንን የሚቃወም ነገርም ስላለ አንደብቀውም። ግሬትስኪ ትቶት የሄደው የኤድመንተን ቡድን ከሱ ጋር ሆኖ በ1984፣ በ1985፣ በ1987 እና በ1988 ዋንጫ ወስዶ ነበር። በ1990 ደግሞ እሱ ሳይኖር ወሰደ። ግሬትስኪ ግን ከኤድመንተን ከወጣ በኋላ አንድም ዋንጫ አላነሳም። «እንግዲያው ኮከቡ ቡድኑ ነበር» የሚሉ ጓደኞቻችን አሉ። ይህ አነጋገር ግማሽ እውነት አለው። ዋንጫ የብዙ ሰው ሥራ ነው፤ ኤድመንተንም ሌሎች ኮከቦች ነበሩት። ነገር ግን ዋንጫን የኮከብነት ሚዛን ካደረግን ኮነር ማክዴቪድን ምን ልንለው ነው? በ2024 ቡድኑ በመጨረሻው ጨዋታ ተሸንፎ ሳለ የማጣሪያው ምርጥ ተጫዋች የተባለው እሱ ነው፤ ሽልማቱ ከተሸናፊ ቡድን ለወጣ ሰው የሚሰጠው ከስንት አንዴ ነው።

አሥራ አንዱን ሰው ሳይሆን ጨዋታውን ራሱን የለወጠም አለ። ቦቢ ኦር የቦስተን ቡድን ተከላካይ ነበር፤ በ1966 በ18 ዓመቱ ጀመረ። በዚያ ዘመን ተከላካይ ማለት እቤቱ የሚቀመጥ ዘበኛ ማለት ነው። ፓኩን ከቀማ ለአጥቂ ሰጥቶ ይመለሳል። አልፎ አልፎ ወደፊት የሚወጡ ተከላካዮች ከሱ በፊትም ባይጠፉም፣ ኦር ግን ከራሱ ጎል ሥር ተነስቶ ሜዳውን ሁሉ አቋርጦ ያጠቃና፣ ባላጋራው ሳይደራጅ ተመልሶ ቦታው ላይ ይገኛል። በ1969/70 በ120 ነጥብ የሊጉ አንደኛ ሆነ። ተከላካይ ሆኖ፣ እንግዲህ! በ1974/75 በ135 ነጥብ ደገመው። ከሱ በቀር ይህን ያደረገ ተከላካይ እስከ ዛሬ የለም። ሌላም ሂሳብ አለ። አንድ ተጫዋች ሜዳ ላይ እያለ፣ በሰው ቁጥር ብልጫ የተገቡት ጎሎች ሳይቆጠሩ፣ ቡድኑ ካገባው የተገባበት ተቀንሶ የሚያዝ ቁጥር ነው። የኦር በ1970/71 ከዜሮ በላይ 124 ሆኖ ተመዘገበ፤ ይህም ያልተሰበረ ክብረ ወሰን ነው። የሚያሳዝነው ጉልበቱ ነው። ደጋግሞ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት በ30 ዓመቱ፣ በ1978፣ ጫማውን ሰቀለ። በኤን ኤች ኤል የተጫወተው 657 ጨዋታ ብቻ ነው፤ ጋርትነር ከተጫወተው ግማሹን እንኳ አይሞላም። ዛሬ ግን ወደፊት ወጥቶ የሚያጠቃ ተከላካይ ሲታይ አዋቂዎች የሚያስታውሱት ኦርን ነው።

«ኮከብ ማለት ልብ ያለው ነው» የሚል ወገንም በክርክሩ ላይ ነበር። በዚህ ረገድ የማሪዮ ለሚው ታሪክ ይነሳል። የፒትስበርጉ ለሚው በጥር 1993 የካንሰር በሽታ እንዳለበት ተነገረው። ሁለት ወር ያህል ታከመ። የመጨረሻውን የጨረር ሕክምና በወሰደበት ቀን፣ መጋቢት 2፣ ወደ ፊላደልፊያ በረረና በዚያው ምሽት ተጫወተ፤ አንድ አገባ፣ አንድ አቀበለ። የባላጋራው ከተማ ሕዝብ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበለት። ይህን አንብቦ ዓይኑ የማይረጥብ ካለ እንጃለት። ሆኖም ልብ ያላቸው፣ ታመውም ተሰብረውም የተጫወቱ ሰዎች በየቡድኑ ሞልተዋል። ለሚው ኮከብ የሚባለው ስለታመመ አይደለም፤ በዚያ ዓመት 60 ጨዋታ ብቻ አድርጎ 160 ነጥብ በማግኘት 84 ጨዋታ የተጫወተውን ባለ 148 ነጥብ ተፎካካሪ ስለቀደመ ነው።

ጭንቅ ሰዓትን በሚመለከት ግን ነገሩ ጠለቅ ይላል። በ1998 በጃፓን፣ ናጋኖ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ካናዳና ቼክ ሪፐብሊክ ለፍጻሜ ለማለፍ ተጋጠሙ። 1 ለ 1 ተለያዩና ወደ መለያ ምት ሄዱ። አምስት ካናዳውያን አንድ በአንድ ወጡ፤ የቼኩ በረኛ ዶሚኒክ ሃሼክ አምስቱንም መለሰ። ግሬትስኪስ? ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። አሠልጣኙ ከአምስቱ ውስጥ አላስገባውም። ካናዳውያን በዚህ ዛሬም ድረስ ይነታረካሉ። እኛ ከሩቅ ሆነን ስናየው አሠልጣኙ ብዙ የተሳሳተ አይመስለንም። የመለያ ምት አንድ ሰው ለአንድ ሰው ነው። የሚታለል ተከላካይ የለም፣ ዘግይቶ የሚመጣ ጓደኛ የለም። የግሬትስኪ ዓይን የሚሠራው በሰው መካከል ነው፤ ሜዳውን ባዶ ስናደርግበት ጥበቡን ቀማነው ማለት ነው። ቢሆንም ልባችን እንዲመታ ፈልጎ ነበር፤ አይዋሽም።

በ2014 በሶቺ ኦሊምፒክ የሴቶች ፍጻሜ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ አራት ደቂቃ ያህል ሲቀረው አሜሪካ ካናዳን 2 ለ 0 ትመራ ነበር። ካናዳ አንድ አገባች። ከዚያም በረኛዋን አስወጥታ በምትኩ አንድ አጥቂ ጨመረች፤ በሆኪ ይህ ይፈቀዳል። አንዲት አሜሪካዊት ከሩቅ የመታችው ፓክ በባዶው ጎል አቅጣጫ እየተንሸራተተ ሄዶ ብረቱን ነክቶ ወጣ! ሊያልቅ 55 ሰከንድ ሲቀረው ማሪ ፊሊፕ ፑላን አቻ አደረገች፤ በተጨማሪው ሰዓትም የወርቁን ጎል አገባች። አንድ ጊዜ ቢሆን ዕድል ነው ብለን በተውነው ነበር። ነገር ግን በ2010ም በ2022ም የወርቁን ጎል ያገባችው እሷው ናት። ሦስት ጊዜ ትክክለኛው ቦታ ላይ በትክክለኛው ሰዓት መገኘት ዕድል አይባልም። ሌላው ሰው ሲጨነቅ ዓይኑ ይጠባል፣ ፓኩን ብቻ ያያል፤ እሷ ግን በዚያ ሰዓትም ሜዳውን ማየቷን አትተውም።

እንግዲህ ለኛ ለእጩ መምህራን ዋናው ጥያቄ ይህ ማየት ከየት ይመጣል የሚለው ነው። «ስጦታ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። የግሬትስኪ አባት ዋልተር የስልክ መሥሪያ ቤት ቴክኒሻን ነበሩ። በክረምት የጓሯቸውን ሣር ውሃ እያጠጡ በማብረድ ለልጃቸው የበረዶ ሜዳ ይሠሩለት ነበር። ጣሳ ደርድረው በመካከሉ ያሽከረክሩታል፤ ዱላ አጋድመው ያዘልሉታል። ዘወትር የሚነግሩትም ፓኩ ወደነበረበት ሳይሆን ወደሚሄድበት እንዲሮጥ ነበር። ልጁ ጨዋታ በቴሌቪዥን ሲመለከት ሜዳውን ወረቀት ላይ ይነድፍና፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ ፓኩ የሚሄድበትን በእርሳስ ይከታተል ነበር ይባላል። ጨዋታው ሲያልቅ መስመር የበዛበትን ቦታ ያያል፤ ፓኩ የሚያዘወትረው እዚያ ነው። ይህ ከስጦታ ይልቅ ጥናት ይመስላል። እርግጥ ያንኑ ሁሉ ያደረጉ ሌሎች ልጆች ግሬትስኪ አልሆኑም፤ ስለዚህ ስጦታ የለም ብለን አንከራከርም።

አሁን አንባቢን የሚያስደነግጥ ነገር እናምጣ። በካናዳ የልጆች ቡድን ዕድሜ የሚቆጠረው ከጥር 1 ጀምሮ ነው። ሮጀር ባርንስሊ የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁር በ1980ዎቹ አልበርታ ውስጥ የወጣቶች ጨዋታ ሊያዩ ሄደው፣ ባለቤታቸው የተጫዋቾቹን ዝርዝር ሲያነቡ አብዛኞቹ በጥር፣ በየካቲትና በመጋቢት የተወለዱ መሆናቸውን ልብ አሉ። በ1985 ባወጡት ጥናትም ይኸው በሰፊው ተረጋገጠ። ምሥጢሩ ግልጽ ነው። በጥር የተወለደና በታኅሣሥ የተወለደ ልጅ በአንድ ቡድን ይመደባሉ፤ በዘጠኝ ዓመት ዕድሜ ግን የአሥራ አንድ ወር ልዩነት ማለት የቁመትና የጉልበት ልዩነት ነው። መራጩ ትልቁን ልጅ «ጎበዝ» ይለዋል፤ የተሻለ አሠልጣኝና ብዙ ጨዋታ ይሰጠዋል፤ ልጁም በእውነት ጎበዝ ይሆናል። ታኅሣሥ የተወለደው ዱላውን ጥሎ ቤቱ ይገባል። በአንድ ክፍል የሰባት ዓመትና የስምንት ዓመት ተኩል ልጅ አስቀምጠን ደረጃ የምናወጣ ሰዎች ይህን እንዴት እናየዋለን?

ወንፊቱ ሁሉንም አያስቀርም። ለሚው በጥቅምት፣ ሌላው የዘመናችን ታላቅ ሲድኒ ክሮዝቢ በነሐሴ የተወለዱ ናቸው። ያ በናጋኖ አምስቱን የመለሰው ሃሼክም በ1983 የኤን ኤች ኤል ቡድኖች ተራ በተራ ወጣቶችን ሲመርጡ የተመረጠው 199ኛ ሆኖ ነው። አወዳደቁ እንደ ሌሎቹ በረኞች ስላልነበረ፣ አንዳንዴም ዱላውን ጥሎ ፓኩን በእጁ ስለሚያፍን፣ አያያዙ የማያምር በረኛ ይመስላል። ኋላ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች የሚለውን ሽልማት ሁለት ጊዜ፣ በ1997 እና በ1998፣ ወሰደ፤ በረኛ ሆኖ ሁለት ጊዜ የወሰደ ሌላ የለም። በምርጫው ቀን ከሱ በፊት 198 ወጣቶች ተጠርተዋል።

ግሬትስኪም ራሱ ጥር የተወለደ ነው፤ ለሐሳባችን አይመችም ብለን አንሸሽገውም። ዳሩ ግን ቡድን ውስጥ የገባው በስድስት ዓመቱ፣ ከአሥር ዓመት ልጆች ጋር ነበር። ማልያው ከጉልበቱ ሊደርስ ስለሚወርድና ዱላው ስለሚጠላለፍበት አንዱን ጎን ሱሪው ውስጥ ይወትፈው ነበር፤ ይህ ልማድ እስከ 1999 ጨዋታ እስካቆመበት ቀን ድረስ አልለቀቀውም። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ያገባው ጎል አንድ ብቻ ነው።

ጋርትነርን በደላችሁት የሚል ጓደኛ ካለ፣ ወይም በመለያ ምቱ ጉዳይ የማይስማማን፣ መልሱን ጽፎ ለዝግጅት ክፍላችን ይስጠን፤ በሚቀጥለው እትም ከዚሁ ጎን እንለጥፈዋለን።